በአንድ ገላ አራት ጠረን

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ አፍንጫዬ ጥሩ ነው። ጉራ የሚመስለው ሰው ካለ ይምሰለው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ተቀጥሬ ለዓመታት ሽቶ ሸጫለሁ። የምንሸጠው በሚያብረቀርቅ ካርቶን የታሸገውን ብቻ አልነበረም። ከመደርደሪያው ግርጌ በትልልቅ ጠርሙስ የተደረደረ የዘይት ሽቶ ነበረን፤ ጽጌረዳ፣ ሰንደል፣ ምስክ፣ ቫኒላ፣ ከሽታማ እንጨት የሚወጣው ዑድ። ያንን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየሳብን በትንንሽ ብልቃጥ እንቀዳለን። ደንበኛ "እስቲ ላሽትተው" ሲል ታዲያ የሚሸተተው የኔ ክንድ ነው። ወደ ማታ ላይ ሁለቱም ክንዶቼ ከአንጓ እስከ ክርን ተቀብተው ያልቃሉ፤ አባቴም በር ላይ ሲቀበለኝ "ዛሬ ደግሞ ስንት ሆነሽ መጣሽ?" ይለኝ ነበር።

ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። አንድ ከጅጋ ከተማ የመጣ እህል ነጋዴ ዑዱን እኔ ክንድ ላይ አሸተተና ዓይኑን ጨፍኖ "ይኸ ነው የሰው ሽታ!" ብሎ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ እየተንጨረጨረ ተመለሰ።

"የሸጥሽልኝ ሌላ ነው! ሚስቴ በግ ገዝተህ መጣህ ወይ አለችኝ። ያውም ዝናብ የመታው በግ!"

ከዚያው ጠርሙስ ቀድቼ ራሴ ላይ ቀባሁ፤ የታወቀው ዑድ ነው። እሱ አንጓ ላይ ቀብቼ ጥቂት ቆይቼ አሸተትኩ፤ እውነት ለመናገር በግ ነበር። ጥፋቱን ወደ እሱ ላዞር ብዬ ምን እንደበላ ብጠይቀው ይባስ ተቆጣ። አንዲት ባንክ የምትሠራ ልጅም እንዲሁ እኔ ላይ ኬክ ኬክ ያላት ቫኒላ እሷ ላይ ገንፍሎ ምድጃ ላይ ያረረ ወተት ሆነባት። ከዚያማ "ውሃ ይቀላቅሉበታል" የሚል ወሬ ተነሣ። ዘይትና ውሃ ተስማምተው ሲኖሩ ያየ ካለ ይምጣና ያሳየኝ እያልኩ ከደንበኛ ጋር በር ላይ እጨቃጨቃለሁ።

የሱቁ ባለቤት ከወላጆቻቸው ጀምሮ በሽቶ ንግድ የኖሩ ሙስሊም እናት ናቸው፤ እትየ ነው የምላቸው። እሳቸው ከደንበኛ ጋር አይጨቃጨቁም።

"ወላሂ ልጀ፣ ሽቶ እንግዳ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "እንደገባበት ቤት ነው የሚያድር። ቀድመው ብቅ የሚሉት እነ ሎሚ፣ እነ ብርቱካን ችኩሎች ናቸው፤ ሰላም ብለው ይሄዳሉ። ቀጥሎ አበባዎቹ ይመጣሉ። ሰንደልና ምስክ ግን ከታች ናቸው፤ እነሱ ናቸው ከሰው ጋራ የሚያድሩ። ደረቅ ገላ ሁሉንም ጠጥቶ ዝም ይላል፤ ወዛም ገላ ይዞ ያቆያል። የሞቀው ያወጣዋል፣ የቀዘቀዘው ይደብቀዋል። አብሽ የሚያበዛ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚያበዛ አለ፣ ቅቤ የሚቀባ አለ። አንች ያንችን ክንድ ታስሸትቻቸዋለሽ፤ ቤታቸው የሚገቡት ግን የራሳቸውን ገላ ይዘው ነው።"

እሽ እሽ እያልኩ ሰማኋቸው፤ ማለትም አልሰማኋቸውም። የማስበው ስለ አንድ ሰው ነበር።

ሰውየው ቡሬ ውስጥ የመስኖ ውሃ ፓምፕ ይጠግናል። መጀመሪያ ሱቃችን የመጣው "የናፍጣ ሽታ የሚያጠፋ ሽቶ" ፈልጎ ነው። ሽቶ ናፍጣን አያጠፋም፣ ተጋብተው ሌላ መዓት ይወልዳሉ እንጂ ብዬ ሳሙና ሸጥኩለት። በሳምንቱ ሳሙናው አለቀብኝ ብሎ መጣ። በሌላው ሳምንትም መጣ። የአንድ ሰው እጅ ያን ያህል ሳሙና እንደማይፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን እኔ መሸጤን፣ እሱም መግዛቱን ቀጠልን። እንጋባ ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ወድጄው ነበር፤ ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቱ ሞተው ብቻቸውን ያሳደጉት እናቱ ካልመረቁ ሽማግሌ ወደ ቤታችን አይልክም። እናቱ የሚኖሩት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተወርዶ በእግር በሚኬድበት ገጠር ነው። ዓይናቸውን ትራኮማ ከወሰደባቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። ሰው የሚያውቁት በድምፅና በጠረን ነው። ጎረቤት ገና ከአጥሩ ሳይገባ "አንተ፣ ዛሬ በርበሬ ስትለቅም ውለሃል" ይሉታል አሉ። ይህን ስሰማ ኮራሁ እንጂ አልፈራሁም። አፍንጫ ያላት አማት! ለእሳቸው ከኔ በላይ ማን ሊመቻቸው ነው?

እናቴ ግን ፈራች። የፈራችው ምላሴን ነው። በኛ አገር ምራት ለመሆን የምታስብ ሴት አማት ፊት ድምፅ አታሰማም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትከናነባለች፣ ጎንበስ ብላ ጉልበት ትስማለች፣ ደኅንነቷን ሲጠይቋት በትንፋሽ ብቻ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳወራ የምውል፣ ወሬዬ ለመንገደኛም የሚተርፍ ሻጭ ነኝ።

"ካፍሽ አንድ ቃል እንዳይወጣ" አለችኝ። "ሽማግሌ ሳይመጣ እሱ ቤት መሄድሽ ራሱ ነውር ነው። ሰው ቢጠይቀኝ በርበሬ ልትገዛ ሄደች እላለሁ። በርበሬውንም ቢሆን በጣትሽ እያሳየሽ ግዥ።"

የመጀመሪያው ጉዞ በሁዳዴ ነበር። ጽጌረዳና ሰንደል ቀላቅዬ ከጆሮዬ ሥር ጠብ አደረግሁ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታቸው ያለውን ዳገት ፀሐይ እየጠበሰችኝ ወጣሁት። እናቱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ከጎናቸው ቆማለች። ለእሷ የገላ ቅባት ይዤላት ስለሄድኩ ወዲያው ወደደችኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም እናቱ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው ሳቡኝና አናቴን አሸተቱ።

"ይች የሰው ልጅ ናት" አሉ። "ደግ ጠረን አላት። ልጀ፣ ይችን ያዝ። ምርቃቱ ከፋሲካ በኋላ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ እንደ ወጉ ይሁን።"

አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ አንድ ቁና በርበሬ ይዤ ተመለስኩ። ደስታዬን ለማንም መናገር ስላልነበረብኝ ሱቅ ውስጥ ለገባው ሁሉ ነገርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ስሄድ ለምርቃት ነው የምሄደውና ራሴን አስጌጥኩ። ፀጉሬን ተሠራሁ፤ ቫኒላውን ተቀባሁ፤ ያነሰ እንደሆነ ይቆጨኛል ብዬ ምስክ ጨመርኩበት። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ መስኮቱን ከፍተው ፊታቸውን ወደ ውጭ እንዳዞሩ ቡሬ ደረስን። ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል እናቱ እጃቸውን ራሴ ላይ ሊያሳርፉ ዘርግተው አየር ላይ አቆሙት።

"ይች ማን ናት?"

"ያችው ናት እምየ" አለ ልጃቸው።

"የትኛዋ?"

"የሁዳዴዋ።"

"አይደለችም።"

"በእግዚአብሔር ያችው ናት!"

"አባትህም እንዲሁ ይምሉልኝ ነበር" አሉ።

የእህታቸው ልጅ "እውነቱን ነው አክስቴ፣ ያችው ናት" ስትል ወደ እሷ ዞሩ። "አንች ዝም በይ። የተደለልሽበት ቅባት እዚህ ድረስ ይሸተኛል።"

እሳቸውን መውቀስ አይቻልም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ዳስሰው የመረጡትን ዶሮ ትተው ሌላ ከሲታ ዶሮ አስረው የላኩባቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ተማክሮ የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። የእናቴ ፊት ግን መጣብኝ፤ ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልኩ።

"ያችን ምስኪን ምን አድርገሃት ነው?" አሉት ልጃቸውን። "እንዲያ ያለች ጨዋ ልጅ ትተህ ይችን ከየት ለቀምሃት?" ለኔ ተቆርቁረው እኔን አባረሩኝ። ጠላው ሳይቀዳ፣ ምርቃቱም ሳይባል፣ ሁለተኛውን ቁና በርበሬ ተሸክሜ ወጣሁ።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። የሁዳዴውን ሽቶ፣ ከዚያው ጠርሙስ፣ በዚያው መጠን ተቀብቼ መሄድ ነው። እትየ አንጓዬን አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያን ጊዜ ሽሮና ጎመን ነበር የምትበይ፤ አሁን ቅቤውም እንቁላሉም ገብቷል። ያን ጊዜ ፀሐይ ነበር፤ ዛሬ ደመና ነው። ጠርሙሱ ያው ነው፤ አንች ግን ያችው አይደለሽም።"

"እትየ፣ እኔማ እኔ ነኝ" አልኩና ሄድኩ። ግትር ነኝ፤ ይህንንም ብዙ ሰው ያውቃል።

እናቱ በዚህ ጊዜ አፍንጫቸውን እንኳ አላስጠጉም፤ ከተቀመጡበት ሆነው ፈረዱ።

"ይች ደግሞ የሀብታም ልጅ ናት። ቅቤ ቅቤ ትላለች። ሦስተኛ መሆኗ ነው!" ልጃቸው ሊናገር ሲል እጃቸውን አነሡ። "አንተ ፓምፕ ትጠግናለህ ወይስ የሰው ልጅ ታሰናክላለህ? እንግዲህ ስማ፤ የመጀመሪያዋን ካላመጣህ ከኔ ምርቃት የለም። እርግማን ከፈለግህ ግን አለኝ።"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን የአገራችን ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው ሚኒባስ የሚሳፈረው። ሳምንት ሳይቆይ ያ ፓምፕ ጠጋኝ ሦስት ሴት ይዟል የሚል ወሬ ፍኖተ ሰላም ገባ። ጓደኞቼ ሱቅ ድረስ መጥተው አጽናኑኝ። አንዷማ ሁሉን የምታውቅ ሆና "ሦስተኛዋ የቡሬ ሀብታም ልጅ ናት አሉ፤ ቤታቸው ቅቤው በእንስራ ነው" አለችኝ። እመኑኝ፣ ቀናሁባት። ያችን ልጅ ባገኛት ፀጉሯን እነጭ ነበር። ከዚያ የማን ፀጉር እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ሳቅም እንባም ባንድ ላይ መጣብኝ።

ወሬው እናቴም ጆሮ ገባ። "መስከረም ሳይጠባ ሽማግሌ ካልመጣ ተይው" አለች። ቀልድ አልነበረም። እሱም ያለ እናቱ ምርቃት እንደማያገባ አውቃለሁ፤ እኔም እናቱን አስከፍቶ የሚያገባኝ ሰው አልፈልግም። እሱ "ለምን አትናገሪም? አንዴ ድምፅሽን ቢሰሙ እኮ ያበቃል" ይለኛል። ለመናገር ምን ገዶኝ! ግን ጨዋ ያሏት ያችን ዝምተኛዋን ነው፤ አፌን ብከፍት ደግሞ "አምስት ሴት የሚያህል ምላስ ያላት መጣች" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

የቀረኝ ፍልሰታ ነበር። ጾሙ ሲገባ እንደ ሁዳዴው ቅቤም እንቁላልም ከገላዬ ይውጣ ብዬ አጥብቄ ጾምኩ። ሽቶ የሚባል ነገር አልነካሁም፤ እትየም አዝነውልኝ ቅባትና ሳሙና ብቻ እንድሸጥ ፈቀዱልኝ። የክረምቱ ዝናብ የዘጋው መንገድ ሲከፈት ጠብቄ፣ በልብስ ሳሙና ታጥቤ፣ የራሴን ገላ ብቻ ይዤ ሄድኩ። ነሐሴ ግን ነሐሴ ነው። ያንን በሁዳዴ ፀሐይ የወጣሁትን ዳገት በጭቃ እየተንሸራተትኩ ወጣሁት። ዝናቡ ከእግር እስከ ራሴ አጥቦኝ፣ ነጠላዬ አፌ ላይ ተለጥፎ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ጉልበታቸው ሥር ወደቅሁ።

እናቱ ራሴን ያዙ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

"ይች ደግሞ ምንም አትሸትም" አሉ ቀስ ብለው። "ምንም የማይሸት ሰው ያስፈራል። አራተኛ! ኧረ የጌታ ያለህ፣ አራተኛ!"

ያን ጊዜ የሆነውን እስከ ዛሬ የእህታቸው ልጅ እያስመሰለች ታሳያለች። ነጠላዬን ከፊቴ ላይ ገፈፍኩት፣ ብድግ አልኩ፣ ጮኽኩ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ! የሁዳዴዋም እኔ ነኝ፣ የፋሲካዋም እኔ ነኝ! ያች ቅቤ የጠገበችውም እኔው ነኝ፤ ሀብት ግን የለኝም! ሽቶ ሻጭ ነኝ እማማ! ያን ጊዜ ጽጌረዳና ሰንደል ነበር፤ ጾም ነበር፣ ሙቀት ነበር፣ ላብ ነበር፤ እሱ ሁሉ ተደባልቆ ነው ደግ ጠረን ያሉት! ሽቶው ያው ሆኖ ገላ ይለወጣል እኮ! እኔ ላይ ዑድ የሆነው የጅጋ ነጋዴ ላይ በግ ይሆናል! ልጅዎ ሌላ ሴት የለውም፤ ከየት አምጥቶ! ናፍጣ ናፍጣ እያለ ማን ትጠጋዋለች? በርበሬውማ! እርስዎን ለማየት ስል የገዛሁት በርበሬ ቤታችንን ሞልቶት አባቴ እያነጠሰ ነው የሚበላ፣ እያነጠሰ ነው የሚጸልይ!"

ከዚያ ቃል አለቀብኝ። የኔ ሰው አፉን ከፍቶ ቀርቷል። የእህታቸው ልጅ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌ ሳይላክ ቤታቸው መጥቼ፣ ዓይናቸው በማያይ እናት ላይ፣ ያውም በጾም ጮኽኩባቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቀ አልኩ፤ እሱንም አጣሁት፣ በገዛ አፌ አጣሁት ብዬ እንባዬ መጣ።

እናቱ ፊታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። እስከዚያ ቀን ሁልጊዜ ወደኔ የሚያዞሩት አፍንጫቸውን ነበር፤ አሁን ጆሯቸውን ሰጡኝ።

"ቀጥይ" አሉ።

"ምኑን እማማ?"

"የበርበሬውን። አባትሽ ያነጥሳል አልሽ።"

ቀጠልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እናቴ በርበሬውን መጀመሪያ ጓዳ፣ ከዚያ አልጋ ሥር እንዴት እንደደበቀችው፣ አባቴ ጸሎት ላይ "አባታችን ሆይ" ብሎ ጀምሮ እንዴት በማንጠስ እንደሚጨርስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቄሱ ከቫኒላዬ እንዴት በመስኮት እንዳመለጡ ነገርኳቸው። ስለ ሦስቱ ሴቶች ጓደኞቼ ያመጡልኝን ወሬና በራሴ ላይ እንዴት እንደቀናሁም አልቀረ። እናቱ መጀመሪያ ትከሻቸው ነበር የሚነቃነቀው። ኋላ ድምፅ አውጥተው ሳቁ፤ መደቡን በመዳፋቸው እየመቱ፣ "ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ" እያሉ ሳቁ። እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙና ከአንጓ እስከ ክርን ዳሰሱኝ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ ልጀ?"

"ነውር ነው ተብዬ ነው እማማ።"

"ዝምታ ዓይን ላለው ሰው ጨዋነት ነው" አሉ፤ አሁን አይስቁም። "እናንተ ዝም ያለውን ሰው ታዩታላችሁ። ለኔ ግን ዝም ያለ ሰው አልመጣም ማለት ነው። ስንት ጊዜ መጥተሽ፣ ስንት ጊዜ ጉልበቴን ስመሽ፣ አንድም ቀን አልመጣሽም።"

ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ እሳቸው ዘንድ አለመድረሴ አሳዘነኝ፤ እጃቸውን ሳምኩት፣ ከንፈሬም ድምፅ ያሰማ ዘንድ ጠበቅ አድርጌ ሳምኩት።

ልጃቸው ያን ጊዜ ነው ነፍሱ የተመለሰችለት። ቀልድ ሲያስፈልግም ባያስፈልግም መቀለድ ይወዳል፤ ፈራ ተባ እያለ ጠጋ አለና "እሽ እምየ፣ እንግዲህ ከአራቱ የትኛዋን ላግባ?" አለ።

እናቱ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ቆጥረው አሰቡበት። ክንዴን ሳይለቁ፣ ሌላውን እጃቸውን ለምርቃት ወደ ላይ አነሡ።

"አራቱን ተዋቸው" አሉ። "አምስተኛዋን አግባ። የጮኸችብኝን።"